የደሴ ፒያሳው የፖርትሬት ቤት፦ ስዕሉን ውሰዱ፣ ፍሬሙን ተዉት

ፒያሳ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለው፣ ከፎቶ እያየ የሰው መልክ የሚስለው የፖርትሬት ቤት እንደሌሎቹ የሠርግና የምረቃ ስዕል ይሠራል፤ ግድግዳውን የሞሉት ግን የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ሰዎች ናቸው። ከባርነት አምልጠው ባርነትን የታገሉት ጥቁር አሜሪካውያን ፍሬድሪክ ዳግላስና ሃሪየት ተብማን፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ የበረረው ጆን ሮቢንሰን፣ የአድዋው ራስ ሚካኤል አሉ። ዶክተር መላኩ በያንም አለ። ወሎ ተወልዶ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋመውን ሰው በተወለደበት አገር ስንቱ በመልክ ያውቀዋል? ለዚህ ብቻ ቤቱ ይመሰገናል።

ዓላማው ስላማረ ግን ስዕሉ ያምራል ማለት አይደለም። ዳግላስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1849 ነጭ ሠዓሊዎች የጥቁርን ፊት ሳያዛቡ እንደማይስሉ ጽፎ ነበር። በካሜራ የተማመነውም ለዚህ ነው፤ ወደ 160 የሚጠጉ ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ፣ አብዛኞቹ ላይ ኮስተር ብሏል። እዚህ የተሳለውም ኮስታራ ነው፣ ፈገግ አላደረጉትም። ጥሩ ምልክት ነው።

የፖርትሬት ቤት ብቃት የሚለየው ጥቁር ቆዳ ላይ ነው። ብዙዎቹ ፊቱን በቻርኮል አንድ ወጥ አጥቁረው ዓይኑን ብቻ ነጭ ይተዉታል፤ የሚወጣው ጭንብል እንጂ ሰው አይደለም። የዚህ ቤት ሠዓሊ ድፍኑን ጥቁር ለአፍንጫ ቀዳዳ፣ ለዓይን ብሌንና ለከንፈር መጋጠሚያ ያስቀምጠዋል። ጉንጭና ግንባሩን ለስላሳ በሆኑት በ2ቢ እና በ4ቢ እርሳሶች እየደራረበ ያጠቁርና ብርሃኑን በመጨረሻ በሚታሽ ላጲስ ከወረቀቱ ላይ ያነሳዋል። የሮቢንሰንን ስዕል ጠጋ ብላችሁ እዩት። የአብራሪ ቆቡም ፊቱም ጥቁር ናቸው፤ ግን ቆቡ ላይ ያለው ብርሃን ጠርዙ የተቆረጠ ነው፣ ጉንጩ ላይ ያለው ደግሞ ቀስ እያለ ይጠፋል። ሌላ ቦታ ሁለቱ አንድ ላይ ተደፍነው ታገኟቸው ነበር።

ደካማው ስዕል የተብማን ነው፤ ጣቶቿ ተድበስብሰዋል። ጥፋቱ ከእጅ ሳይሆን ከምንጩ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ምስል ሲጎላ ዝርዝሩ ስለሚጠፋ ሠዓሊው በግምት ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. 1868 ገደማ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ጥርት ያለ ፎቶ በዚያው አቆጣጠር በ2017 ይፋ ሆኗል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ በትልቅ ጥራት ያቀርበዋል። የእሷን ስዕል የምታዙ በዚያ ይሠራልኝ በሉ።

ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰብ የምታሠሩም ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። የአያት የቆየ ፎቶ ከሆነ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን አንሱት። በስልክ አፕ ቀለም የተቀባ የድሮ ፎቶ አትስጡ፣ አፍንጫና ዓይን ይቀይራል። ለአንድ ፊት ኤ3፣ ለሁለት ኤ2 ይበቃል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን ወፍራም መሆኑን ጠይቁ፤ ባለ 80 ግራሙ የፕሪንተር ወረቀት ላጲስ ሲበዛበት ይላጣል። ቤቱ የሚሠራው መልኩን ከፎቶው ለመገልበጥ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ካሬ እያሰመረ ስለሆነ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ስዕሉን ወደ ብርሃን አጋድላችሁ እዩት። እርሳሱ በኃይል ተጭኖ ከሆነ መስመሩ ቢጠፋም ቦዩ ይቀራል።

ከሥር የሚጻፈው መግለጫ ላይ ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ አይገለጽም። ራስ ሚካኤል ሥር በእኛ አቆጣጠር 1888፣ ዶክተር መላኩ ሥር በአውሮፓ አቆጣጠር 1937 ተብሎ ጎን ለጎን ሲሰቀል ተማሪ የሚረዳውን አስቡት። በአውሮፓው ዓመት ላይ «እ.ኤ.አ.» እንዲጨመር ንገሯቸው።

ፍሬሙ ግን አይሆንም። መስተዋቱ በቀጥታ ስዕሉ ላይ ይተኛል። ለደሴ ክረምት ይህ አደጋ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ በሚገባበት ወር እርጥበቱ በመስተዋቱና በወረቀቱ መሃል ይታፈናል። ከዚያ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ቻርኮሉ መስተዋቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሲብስም ይሻግታል። በመሃል ቢያንስ የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር የካርቶን ጠርዝ መግባት አለበት። ጀርባውንም በተራ ስኮች ነው የሚያሽጉት፣ እሱ ደግሞ ውሎ አድሮ ይለቃል። ስዕሉን ብቻ ገዝቶ ሌላ ቦታ ማስገጠም ይሻላል።

ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱት በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መሃል አድርጋችሁ ያዙት። የተጠቀለለ ቻርኮል ይፋቃል፤ መስተዋት ያለውን ደግሞ የሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ አያዋጣም። ለአድዋ በዓል የምታሠሩ ትምህርት ቤቶች ታኅሣሥ ላይ ግማሹን ቀብድ ክፈሉ፤ ጥር ካለቀ ወረፋው አያደርስም።