ኤሚኖኑ ጀልባ መግቢያ ላይ «ላግዝሽ» የሚሏችሁን ልጆች ተጠንቀቁ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከሁለት ሰዓት በፊት ኢስታንቡል ኤሚኖኑ፣ ጀልባ መግቢያው አጠገብ ካለው የትራንስፖርት ካርድ መሸጫና መሙያ ማሽን ፊት ቆሜ 1,300 ሊራ ተበላሁ። ዕቃ ለማምጣት ላሌሊ የምትመላለሱ ሁሉ እነዚያን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ማሽኑ ፊት ግራ የገባው ሰው ሲያዩ «ሲስተር፣ ላግዝሽ» እያሉ ይጠጋሉ። እኔም አውቃቸው ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ጀልባውም፣ ትራሙም፣ በባሕር ሥር የሚያልፈው የማርማራይ ባቡርም፣ አውቶቡሱም ኢስታንቡልካርት በሚባል፣ ገንዘብ በሚሞላበት አንድ ካርድ ነው የሚያስገቡት። የእኔን ካርድ ዛሬ ሆቴል ረስቼው ወጣሁ። ማርማራይ መግቢያ ላይ እስከ ሩቁ ፌርማታ ያለውን ሂሳብ ቆርጦ፣ ቀድሞ ለወረደ መውጫው ላይ የሚመልሰውን ጥቂት ሊራ እንኳ ሳልቀበል የማልሄድ ጠንቃቃ ሰው ነበርኩ።

ልጁ «አዲስ ካርድ አለኝ፣ 300 ሊራ» አለኝ። ማሽኑ ራሱ ካርድ እንደሚሸጥ እያወቅሁ፣ ጀልባው ሊነሳ ነው ብዬ ሰጠሁት። ካርዱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠና «ገንዘቡን አንቺ አስገቢ» አለኝ። ልቤን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው፤ በገዛ እጄ ካስገባሁ ምን ሊያደርገኝ ይችላል? አምስት ባለ 200 ኖት አንድ በአንድ አስገባሁ። ስክሪኑ 1,063 ሊራ አሳየ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ያ 63 ነው። አዲስ ነው የተባለ ካርድ ላይ 63 ሊራ ከየት መጣ? አይቼዋለሁ እኮ! አይቼ ዝም አልኩ።

ካርዱን አነሳ፣ በሹራቡ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረገው፣ መግቢያው ድረስ ሸኘኝ፣ ራሱ አስነካልኝ፣ በሩ ተከፈተ። ሲጨብጠኝ ካርዱን መዳፌ ላይ አኖረው። አመሰገንኩት።

ኡስኩዳር ወርጄ አውቶቡስ ስሳፈር ካርዱ እምቢ አለ። ደገምኩት፤ አሁንም እምቢ። አውቶቡስ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ሾፌሩ ፊቱን እንኳ ሳያዞር በእጁ ውረጂ አለኝ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት የራሳቸውን ካርድ ሊያስነኩልኝ ሲሉ አፍሬ ወረድኩ። ማሽን ላይ አስቀምጬ ሳየው ቀሪው ዜሮ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ የሞላሁት ለካ የልጁን የራሱን ካርድ ነበር። እኔ የተሰጠኝ ሌላ ነው፤ ሲጠርገው ይሁን ሲጨብጠኝ የቀየረው፣ እስካሁን አላውቅም።

ሌላ ካርድ ገዝቼ ተመለስኩ። እዚያው ቆሟል! አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው አሻግሮ ያያል። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ጥበቃው ሱፍ ይፈለፍላል። ካርዱን አሳየሁት፣ ልጁን ጠቆምኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ፕሮብሌም ዮክ»፣ ችግር የለም፣ ብሎኝ ወደ ሱፉ ተመለሰ። ልጁ ሳቀ። ገንዘቡ ይቅር፣ ያ ሳቅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ካርድ ከማሽኑ ራሳችሁ ግዙ፤ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ይቻላል። ካርዳችሁ ለአፍታም ሰው እጅ ከገባ፣ ከቦታው ሳትነሱ መልሳችሁ ማሽኑ ላይ አኑሩና ቀሪውን እዩ። ዛሬ ማታ ወደ ኢስታንቡል የሚበር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ደውሉለት፤ አየር ማረፊያውም ማሽን አለ፣ እዚያው ገዝቶ ይውጣ።