ማታ፣ ርቀት ወይስ ከውጭ ኦንላይን? ሥራ ላይ ሆነን ዲግሪ ለምንፈልግ

14 ዓመት ሂሳብ ሰርቻለሁ፣ ወረቀቴ ግን ዲፕሎማ ነው። አምና የሲኒየር ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ "የመጀመሪያ ዲግሪ" የሚል ነበረ፣ እና የወር መዝጊያ ቁጭ አድርጌ ያስተማርኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቅር አይለኝም (ትንሽ ይለኛል)። ከዛ በኋላ እኔ ርቀት ገባሁ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ማታ ጀመረ፣ አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ከውጭ ኦንላይን ትማራለች። ሦስታችንም ስታዲየም ጀርባ አንድ ሽሮ ቤት ምሳ ስለምንበላ በየቀኑ ስናወዳድር ነው የምንውለው፣ እና ለናንተም ይጠቅማል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። ሻንጣ ስትገዙ ዚፑን እንደምትሞክሩት እዚም ከክፍያ በፊት የሚሞከር ነገር አለ፣ ዕውቅናው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አደለም፣ በካምፓስ በካምፓስ፣ በፕሮግራም በፕሮግራም ነው፣ ቀንና ርቀትም ይለያያል። ስለዚ "ኮሌጁ እኮ የታወቀ ነው" የሚባል ነገር አይሰራም፣ አካውንቲንግ በቀን ተፈቅዶለት በርቀት ያልተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። ርቀት ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ቆየት ያለ ነው፣ በ2002 መጨረሻ መንግሥት ርቀት ትምህርትን ጭራሽ አግዶት ከወራት በኋላ ነው በገደብ የለቀቀው፣ አሁንም አንዳንድ የሰው ኃይል ክፍል "ርቀት ነው?" ሲል ፊቱ ይለወጣል። መሥሪያ ቤቶችም የሠራተኛ ማስረጃ ማጣራት ከጀመሩ ወዲህ ነገሩ ቀልድ አደለም። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ባለሥልጣኑ ጋ አይታችሁ ግቡ።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ ማታም ተማር ርቀትም ተማር፣ የግልም ሁን የመንግሥት፣ 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪው የለም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ግን 20 በመቶ እንኳ አልሞላም። ይሄ የመረጣችሁትን ሁሉ ይለውጣል፣ ምክንያቱም ድሮ ሰው ርቀት የሚገባው ይቀላል ብሎ ነበር፣ አሁን መውጫው ላይ ቀን ከተማረው ልጅ ጋር አንድ ኮምፒውተር ፊት ነው የምትቀመጡት።

ወደ ማታው ልምጣ። የኛ ልጅ 11:30 ክፍል መድረስ አለበት፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ ቅርብ ነው ትላላችሁ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን በእግር የሚሄደው ሰው ታክሲውን ይቀድመዋል። 2:30 ይወጣል፣ ከዛ የታክሲ ሰልፍ። ለወንድ ይሁን፣ እኔ ግን ልጅ አለኝ፣ ደግሞ በዛ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ሰልፍ መቆም አልወድም፣ በቃ እዛ ላይ ነው ማታን የተውኩት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመማር ማታ ይበልጣል። አስተማሪ አለ፣ እጅ ታነሳላችሁ፣ የክፍል ጓደኛ ቴሌግራም ላይ የቆየ ፈተና ይልካል፣ ሰነፍ ብትሆኑ እንኳ ክፍሉ ይጎትታችኋል። ጣጣው አቴንዳንስ ነው። የኛ ሙያ ደግሞ ሰኔ 30 በጀት ዓመት ይዘጋል፣ እስከ ጥቅምት 30 የዓመቱን ግብር ማሳወቅ አለ፣ በየወሩ ቫት አለ። ልጁ ሐምሌ ላይ ፋይናል ፈተናና የሂሳብ መዝጊያ በአንድ ሳምንት ወድቀውበት ሁለቱንም በቡና ነው ያለፋቸው፣ አንዱን ኮርስ ሲ አመጣ፣ መዝጊያው ላይ የሱን ስህተት ያረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ የሚባለውም ያው ማታ ነው፣ ድካሙ ወደ ቀን ተዛወረ እንጂ፣ ልቅሶና ሰርግ የሚወድቀውም በሱ ቀን ነው።

ርቀት። ሞጁል ትወስዳላችሁ፣ አሳይመንት ሰርታችሁ ታስገባላችሁ፣ በሴሚስተር ጥቂት ቀን ቱቶሪያል አለ፣ ፈተናውን በአካል ትፈተናላችሁ። ለኔ አመቺነቱ ሐምሌን መዝለል መቻሌ ነው። ግን "ልምድ ስላለኝ ይቀለኛል" ብዬ ገባሁና የመጀመሪያው አሳይመንት አዋረደኝ። ጥያቄው የአንድ ማሽን የእርጅና ቅናሽ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ቢሮ በየዓመቱ እንደምሰራው በግብር ሕጉ መቶኛ አስልቼ ሰጠሁ። ዜሮ። ቱቶሩ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ "እህቴ፣ ይሄ ለገቢዎች ነው፣ እዚ የተጠየቅሽው አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ) ነው፣ ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል ብለሽ ገምተሽ፣ መጨረሻ የሚሸጥበትን ቀንሰሽ ነው" አለኝ። 14 ዓመት ሙሉ ቢሮ የለመድኩትን እጄ ይጽፋል እንጂ ጥያቄውን አላነበብኩትም ነበር። ከሱ በኋላ ሥራ ቦታ ያወቅኩትን ወደ ጎን አድርጌ ሞጁሉን እንደ አዲስ ነው የማነበው፣ እና ልምድ ያላችሁ ሰዎች በጣም የምትጠነቀቁት እዚ ላይ ነው፣ የመውጫ ፈተናው ባለ ምርጫ ጥያቄ ስለሆነ የቢሮው መልስ ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ሌላው የርቀት በሽታ ብቸኝነት ነው። ሞጁሉ ቲቪው ላይ ይቀመጣል፣ ልጃችሁ ስኒ ያስቀምጥበታል፣ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ምዕራፍ ሁለት ላይ ናችሁ። እኔን ያዳነኝ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ቦርሳ ውስጥ አድርጌ እስከ ምሳ እቀመጣለሁ። ቤት የማነብ መስሎኝ ያባከንኩት አንድ ሴሚስተር ይቆጨኛል።

አስተዳደሩም ያስለቅሳል። የመጀመሪያው የገባሁበት ኮሌጅ (ስሙ ይቅር) በእጄ ወስጄ ያስገባሁትን አሳይመንት ጠፋ አለኝ፣ ውጤቴ ላይ ኢንኮምፕሊት ተጽፎ ስምንት ወር ተመላለስኩ። የበሩ ጥበቃ ስሜን እስኪያውቁት ድረስ፣ "ዛሬም አልወጣም ልጄ?" ይሉኝ ነበር። አሁን የማስገባውን ሁሉ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፣ የተቀበለኝን ሰው ኮፒው ላይ አስፈርማለሁ። እናንተም አድርጉ።

ከውጭ የሚባለው ደግሞ አንድ ዓይነት አደለም። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አቃቂ ማዕከል አለው፣ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር ነው፣ ማንዴላም ሕግ የጨረሱት ከሱ ነው። የህንዱ ኢግኑ እዚ በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ሲሰጥ ቆይቷል። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ የቀድሞ ውጤት ሳይጠይቅ ይቀበላል፣ መለስ ዜናዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ኤምቢኤያቸውን በርቀት የጨረሱት ከዛ ነው (ሀገር እየመራ የጨረሰ ሰው እያለ እኔ ወር መዝጊያ አስቸገረኝ ማለት ያሳፍረኛል፣ የሳቸው ቢሮ መብራት አይጠፋም ነበር ካላችሁ ግን እስማማለሁ)። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የሚባለው ለማስተማሩ አያስከፍልም፣ ለማመልከቻና ለኮርስ ምዘና ግን ያስከፍላል፣ ነፃ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ዋናው ጉዳይ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ጓደኛችን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች፣ ያን ሰሞን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት መቶ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ክፍያዋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደሞዟ ግን በብር ነው። ከዛ ባንክ ሄዶ ለትምህርት ክፍያ ምንዛሪ መጠየቅ፣ ወረቀት ማሟላት፣ መጠበቅ፣ የክፍያው ቀነ ገደብ ግን አይጠብቅም። ኢንተርኔትም አለ፣ በ2009 ለአገር አቀፍ ፈተና ተብሎ ሀገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ሲዘጋ አይታችኋል፣ የኦንላይን ፈተና ቀን እንዲህ ቢገጥማችሁ ለማን ትከሳላችሁ። ጥሩው ነገር ማስተማሩ ነው፣ አሳይመንቷን በሁለት ገጽ አስተያየት ነው የሚመልሱላት፣ ኮፒ ካደረጋችሁ ሶፍትዌሩ ወዲያው ይይዛል፣ እንግሊዝኛዋ በአንድ ዓመት ተለውጧል። ሲያልቅ እዚ አቻ ግምት (የውጭው ዲግሪ ከሀገር ውስጡ እኩል መሆኑን ማስመስከር) ማሠራት አለ፣ ስለዚ ከመመዝገባችሁ በፊት ባለሥልጣኑን በዩኒቨርሲቲው ስም ጠይቁ።

እኔ ብጠየቅ፣ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን)፣ አፍሪካ ኅብረት ወይም ውጭ ድርጅት መግባት የሚያስብ እና በዶላር የሚረዳው ዘመድ ያለው ሰው ከውጭ ይማር። ልጅ የሌለው፣ ቢሮው ከትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ፣ አለቃው 11 ሰዓት የሚለቀው ሰው ደግሞ ያለ ጥያቄ ማታ። ርቀት የኔ ዓይነቱ ነው፣ ሰዓቱ የራሱ ያልሆነ ግን ብቻውን ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚችል። ብቻችሁን ማንበብ ካልቻላችሁ ርቀት ርካሽ መስሎ እጅግ ውድ ነው፣ ኮርሱን ሁለቴ ትከፍሉበታላችሁ።

ዲፕሎማችሁ የቴክኒክና ሙያ ሌቭል ፎር ከሆነ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ስለሚጠየቅ ቀድማችሁ አውጡ። ለተቋሙ ደግሞ ይሄን ጠይቁ፦ አምና ስንት ሰው ለመውጫ ፈተና አስቀመጣችሁ፣ ስንቱ አለፈ? ቁጥሩን የሚነግራችሁ ጋ ግቡ፣ "አይዞሽ ታልፊያለሽ" የሚላችሁን ተሰናበቱት።

የኔ ቀጣይ ቱቶሪያል የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ሞጁሉ ገና አልታተመም አሉኝ።