«ጄቪ 1010 ከነኤዲተሩ» ሲሏችሁ ቮልዩም እያዩ ብር አትቁጠሩ

«ሮላንድ ጄቪ 1010፣ ከነኮምፒውተር ኤዲተሩ፣ ከነዩኤስቢ ሚዲ ኬብሉ» የሚል ማስታወቂያ ያያችሁ ሁሉ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ጄቪ 1010 የራሱ ኪቦርድ የሌለው የድምፅ ሞጁል ነው፤ በሚዲ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ በሚለዋወጡበት ቋንቋ፣ ታዝዞ ድምፅ ያወጣል። ኤዲተር ደግሞ ድምፁን ከኮምፒውተር ሆኖ መለወጫ ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ ከወጣ ሁለት ቀን አልሞላውም፤ ንዴቱም አልበረደም፤ ቃሌ ቢሻክር ለዚያ ነው። ሻጩን በስም አልጠራም። ታውቁታላችሁ፦ «ከውጭ በሻንጣ የገባ ነው፣ የስቱዲዮ እቃ ነው፣ ላንተ ስለሆነ ነው» የሚለው ነው። በሞጁሉ ዋጋ ላይ «ለኤዲተሩና ለኬብሉ» ተብሎ 6,500 ብር ተጨመረ። ሞጁሉ ጤነኛ ነው። ተንኮሉ ያለው 6,500ው ላይ ነው።

ጄቪ 1010 በ1999 የወጣ፣ የሬክ (የስቱዲዮ እቃ መደርደሪያ) ግማሽ ስፋት ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። 64 ድምፅ ባንድ ጊዜ ያወጣል፣ 16 ፓርት አለው (16 የተለያየ መሣሪያ ባንድ ላይ ያጫውታል)፣ ሴሽን የሚባለው የተጨማሪ ድምፆች ቦርድ ውስጡ ተገጥሞ ይመጣል። ፊቱ ላይ ግን ጥቂት ማዞሪያዎችና አንዲት ትንሽ የቁጥር መስኮት ብቻ ናቸው ያሉት። ድምፅ መምረጥ ይቻላል፤ ድምፅ መሥራት አይቻልም። የስትሪንግሱን አጀማመር ላለስልስ፣ የናይለን ጊታሩን ጭራ አሳጥሬ ወደ ክራር ላስጠጋው ያለ ሰው ያለ ኮምፒውተር የትም አይደርስም። ስኬል ቲዩን የሚባለው ክፍል እያንዳንዱን ኖታ ከ64 ሴንት ዝቅ እስከ 63 ሴንት ከፍ ማድረግ ይችላል (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፤ አንቺሆዬን ከማሲንቆ ጋር ማስማማት ለሚፈልግ ወርቅ ነው፤ ግን እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ሲስኤክስ፣ ማለትም ለተወሰነ ሞዴል ብቻ የሚጻፍ የሚዲ መልዕክት፣ ነው። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ያለ ኤዲተር ምን ታደርግበታለህ?» የምትለዋ ጥያቄው ከዚያ ነው የምትመጣው።

ያቺን ቅጽበት ደጋግሜ አስባታለሁ። ላፕቶፑ ባንኮኒው ላይ ተከፍቷል። የዩኤስቢ ኬብሉ ሁለት የሚዲ ጫፎች አሉት፤ ሻጩ አንዱን ብቻ ሞጁሉ ሚዲ ኢን (መቀበያው) ላይ ሰካ። ሌላኛው ከባንኮኒው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያ ጫፍ ሚዲ አውት (መላኪያው) ላይ ካልገባ ኮምፒውተሩ ከሞጁሉ አንድም ነገር አያነብም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሁሉ ፕሮግራሙ ለራሱ የሚያወራው ነው። ሲወዛወዝ እያየሁት ዝም አልኩ።

ከዝርዝሩ አንድ ስም ጠቅ አደረገ፤ ድምፁ ተቀየረ። ቮልዩሙን በማውዝ ወደ ታች ጎተተ፤ ድምፁ ቀነሰ። «አየህ? ሁሉም ይሠራል!» አለ። ስክሪኑ ስትሪንግስ ይላል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ፒያኖ ነው። ስሙና ድምፁ እኮ አልተገናኙም ሲባል፣ «ዝርዝሩ ነው የተዛባው ወንድሜ፣ ቤትህ ገብተህ አፕዴት ታደርገዋለህ» ብሎ ላፕቶፑን ከደነው። የከትኦፍ፣ ማለትም ድምፁን የሚያደበዝዘው ማጣሪያ፣ ስላይደር እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር። አንዴ ቢነካ ውሸቱ እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ አልነካውም፤ ሚዲ አውቃለሁ ባዩ ገዢም «ንካው» ሳይል ብሩን ቆጠረ።

ለምን መሰላችሁ ቮልዩምና የድምፅ ለውጥ ብቻ የሚያሳዩት? ፕሮግራም ቼንጅ («ድምፅ ቀይር» የሚለው ትእዛዝ) 2 ባይት ነው፤ ቮልዩም 3 ባይት ነው። የትኛውም ኬብል ያሳልፋቸዋል፤ የትኛውም የሚዲ እቃ ይረዳቸዋል፤ ሞጁሉ ምን እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ከትኦፍ፣ ኤንቨሎፕ (የድምፁ አነሳስና አጠፋፍ)፣ ስኬል ቲዩን ግን በሲስኤክስ ነው የሚሄዱት፤ ሲስኤክስ ደግሞ ስም ጠርቶ ነው የሚያናግረው። የሮላንድ መለያ በሄክስ (ኮምፒውተር በ16 በ16 በሚቆጥርበት የቁጥር አጻጻፍ) 41 ነው፣ ቀጥሎ የእቃው ቁጥር፣ ቀጥሎ የሞዴሉ መለያ ይመጣል። የጄቪ 1010፣ የጄቪ 1080 እና የጄቪ 2080 የሞዴል መለያ በሄክስ 6ኤ ነው። ሻጩ «ኤዲተሩ» ብሎ የሰጠኝ ፍላሽ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ፎልደር «ጄቪ ኤዲተር» ተብሎ የተቀመጠው ፕሮግራም የሚልከው 46 ነው። 46 የጄቪ 80 እና የጄቪ 880 ነው፤ 28 ድምፅ ብቻ የሚያወጣው የቀድሞው ትውልድ። ሞጁሉ የራሱ ያልሆነ መለያ ሲደርሰው «ስህተት» ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስላይደሩን ቀኑን ሙሉ ብትጎትቱት ድምፁ ንቅንቅ አይልም። ስትሪንግስና ፒያኖ የተደበላለቁትም ለዚሁ ነው፤ የስም ዝርዝሩ የሌላ እቃ ነው።

ሁለተኛው ፎልደር ሳውንድ ዳይቨር ነው። ጥሩ ፕሮግራም ነበር፤ ጄቪ 1010 አዲስ ሲሸጥ አብሮት የሚመጣውም እሱ ነው። የሠራው ኤማጂክ ግን በ2002 በአፕል ተገዛ፤ ፕሮግራሙም እዚያው ቀረ። ፍላሹ ላይ ያለው የማክ ስሪት ለፓወር ፒሲ፣ ለድሮዎቹ ማኮች ፕሮሰሰር፣ የተሠራ ነው፤ አፕል በ2011 ላየን ከተባለው የማክ ስሪት ጀምሮ ሮዜታን (የድሮ ፕሮግራሞችን በአዲስ ማክ የሚያስከፍተውን አስተርጓሚ) ሲያስቀር እንዲህ ያለ ፕሮግራም በአዲስ ማክ መከፈት አቁሟል። ሦስተኛው ፎልደር ከሮላንድ በነፃ የሚወርደው የመመሪያ መጽሐፍ ነው። እሱንም ሸጡልን።

ኬብሉ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ዩኤስቢ ሚዲ መልዕክቱን በ4 በ4 ባይት እሽግ ነው የሚያጓጉዘው፤ ሲስኤክስ ረዥም ስለሆነ በየእሽጉ 3 ባይት እየተቆራረጠ ይሄዳል። ርካሾቹ ኬብሎች አጭር መልዕክት ላይ ችግር የለባቸውም፤ ረዥሙ ላይ ግን መሐሉን ይጥሉታል ወይም ጭራውን ይበሉታል። ቼክሰሙ (የመልዕክቱን ሙሉነት ማረጋገጫ ቁጥር) ስለማይገጥም ሞጁሉ መልዕክቱን ይጥለዋል፤ አሁንም በዝምታ። በዚህኛው ኬብል፣ ከታች በምነግራችሁ ፈተና 23 ባይት መመለስ የነበረበት መልስ 9 ባይት ሆኖ መጣ። ያው ሞጁል፣ ያው ላፕቶፕ፣ በደህና ኢንተርፌስ (የሚዲ ማገናኛ) 23ቱም ተመለሱ።

እቃውን ይዤ ወደ ሱቁ ስመለስ ደግሞ ሻጩ ሌላ ሰው ሆኗል። «ወንድሜ» ቀርታ «ስማ» ሆናለች። «ሶፍትዌር ከተከፈተ አይመለስም።» ሳይከፈት እንዴት ይሞከራል? የሞዴል መለያው አይገጥምም ቢባል፣ ከኋላ ስልኩን የሚነካካው ልጅ ቀና ሳይል፣ «እኛ እቃ ነው የምንሸጠው፣ ትምህርት አንሰጥም» አለ። ሻጩ ሳቀ። ደረሰኙ ላይ ያለው «ኪቦርድ ሞጁል 1» ብቻ ነው፤ ኤዲተር የሚል ቃል አልሰፈረበትም። ይህችንም ክፍያው ላይ ማንም አላነበበም።

ለማንኛውም፣ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ እንዲህ ፈትኑ። ከሞጁሉ ጀርባ ያለው የኮምፒውተር መቀየሪያ ሚዲ ላይ ይሁን፣ ሞጁሉ ፓች ሞድ ላይ ይሁን (ፓች ማለት አንድ የተዘጋጀ ድምፅ ነው)፣ ሁለቱም ጫፎች ይሰኩ፤ አንዱ ኢን ላይ፣ ሌላው አውት ላይ። አንዳንድ ኬብል ላይ «ኢን» የሚለው ጽሑፍ «ከመሣሪያው አውት የሚመጣ» ማለት ነው፤ ካልሠራ አቀያይሩት። በዊንዶውስ ሚዲ ኦክስ፣ በማክ ሲስኤክስ ላይብረሪያን ክፈቱና ይቺን 15 ባይት ላኩ፤ ኤፍ፣ ኤ እና ሲ ያልኳቸውን የሄክስ ፊደሎች በላቲን ጻፏቸው፦

ኤፍ0 41 10 6ኤ 11 03 00 00 00 00 00 00 0ሲ 71 ኤፍ7

ትርጉሙ «አሁን የተመረጠውን ፓች ስም ላክልኝ» ነው። 23 ባይት መመለስ አለበት፤ ከመሐሉ 12ቱ የፓቹ ስም ፊደሎች ናቸው። መልስ ከሌለ አውቱን፣ ጎደሎ ከመጣ ኬብሉን ጠርጥሩ። 10 የሚለው የእቃው ቁጥር ነው፤ በሮላንድ አጻጻፍ 17 ማለት ነው፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ከ0 ስለሚቆጥር 16 ይለዋል። ብዙ ፓች በተከታታይ ስትልኩ በየመልዕክቱ መሐል 40 ሚሊሰከንድ ያህል ክፍተት ስጡ፤ አለዚያ ደህናው ኬብል ራሱ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ከዚያ «ኤዲተር» የተባለውን ክፈቱና ድምፅ ይዛችሁ ከትኦፉን ወደ ታች ጎትቱ። ካልደበዘዘ የፍላሹን ዋጋ አትክፈሉ፤ ሞጁሉን ብቻ ግዙ። ለዚህ ሞጁል ዛሬም የሚታደስ ኤዲተር የሚፈልግ ሚዲ ኩዌስትን ከሠሪዎቹ ይውሰድ፤ በማክና በአይፓድ ፓች ቤዝ አለ። ሁለቱንም ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ሞጁል መሞከር ትችላላችሁ፤ ማንም ላፕቶፑን አይከድንባችሁም።