የሱኒዮን የከሰዓት ጉብኝት፦ የፖሲዶን ግማሽ ታሪክ

የግሪኮች የባሕር አምላክ የፖሲዶን ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ሱኒዮን ከአቴንስ የሚወስዱ የከሰዓት በኋላ ጉብኝቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዋጋው ወደድ ያለውን የመረጥኩት፣ አስጎብኚ ድርጅቱ ፖሲዶን በጥንቱ አፈ ታሪክ የነበረውን ስፍራ ብቻ ሳይሆን ዛሬ የሚያመልኩትን ሰዎች እምነት ጭምር እንደሚያስረዳ በማስታወቂያው ቃል ስለገባ ነው። ከገባው ቃል ግማሹን በሚገባ ፈጽሟል፤ ሌላውን ግማሽ ግን በቀልድ አልፎታል።

ስለ 70 ኪሎ ሜትሩ የባሕር ዳር መንገድም ሆነ ስለ አውቶቡሱ ቅሬታ የለኝም። አስጎብኚያችን ችሎታዋን ያሳየችው ቤተ መቅደሱ ሥር እንደቆምን ነው። ፋርሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ቀድሞ የነበረውን እንዳፈረሱት፣ አሁን የምናየውም በ440ዎቹ ዓመታት አካባቢ እንደታነጸ ካስረዳች በኋላ፣ በአንዱ አምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የተቀረጹትን ቦዮች እንድንቆጥር አደረገችን። ዶሪክ በሚባለው የጥንት ግሪክ የግንባታ ስልት በታነጹ ሌሎች ቤተ መቅደሶች 20 መሆን የለመዱት ቦዮች እዚህ 16 ናቸው። አቴናውያን በሳላሚስ ፋርሶችን በባሕር ውጊያ ድል ካደረጉ በኋላ፣ ከማረኳቸው ለፋርስ የተሰለፉ የፊንቄ መርከቦች አንዷን ለአምላኩ መባ አድርገው እዚህ ማቆማቸውንም የነገረችን እሷ ናት።

ከየት እንደመጣሁ ስትሰማ ደግሞ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን የኦዲሴ ግጥም መጀመሪያ አነሣችልኝ። ፖሲዶን የበሬና የበግ መሥዋዕት ሊቀበል ወደ ሩቆቹ ኢትዮጵያውያን ሄዶ ሳለ፣ የቀሩት አማልክት በሌለበት ተሰብስበው የግጥሙን ጀግና የኦዲሴዎስን ወደ አገሩ መመለስ ይወስናሉ፤ እሱም ከግብዣው ሲመለስ ሰውየውን በታንኳው ላይ አይቶ በማዕበል ይመታዋል። ሆሜር ኢትዮጵያውያን የሚላቸው በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች እንጂ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ዜጎች አለመሆናቸውን ጨምራ መናገሯን አደንቃለሁ፤ ደንበኛን ለማስደሰት ሲባል ብዙዎች ይህን ይዘልሉታል።

የጎደለው የፖሲዶን ሌላ ገጽታ ነው። ገለጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባለ ሦስት ጣት ጦሩ የባሕር አምላክ ላይ ብቻ ያተኮረ ስለነበር፣ ግሪኮች ምድርን የሚያናውጥ ብለው ይፈሩት እንደነበር፣ የፈረሶችም ጌታ እንደነበር፣ በግሪክ በፒሎስ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት በተገኙት የሸክላ ጽላቶች ላይ ከአማልክት አለቃ ከዜውስ ይልቅ ጎልቶ እንደሚታይ አልተነገረንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ373 ሄሊኬ የተባለችው ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥና በባሕር ሙላት ስትጠፋ ጥንታውያኑ ጥፋቱን ከፖሲዶን ቁጣ ጋር ያያያዙት በከንቱ አይደለም። ይህን ያልሰማ ጎብኚ፣ አምላኩ ስለምን እንዲህ ይፈራ እንደነበር ሳይገባው ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።

ስለ ዛሬዎቹ አምላኪዎች የሰማነው ሁሉ ነጭ ለብሰው ፎቶ የሚነሡ ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ እሱንም የተሳፋሪዎቹ ሳቅ ተከተለው። እኔ የክርስትና እምነት ተከታይ ነኝ፤ ሆኖም ተጨማሪ ገንዘብ የተቀበሉበት ርእስ እንዲህ ሲቃለል ዝም ማለት አልችልም። የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን የጥንቱን የግሪክ አማልክት የማምለክ እምነት በሕግ የታወቀ ሃይማኖት አድርጎ ተቀብሎታል። ተከታዮቹ በቤታቸው በሚያዘጋጁት መሠዊያ ላይ ዕጣን ያጨሳሉ፣ ወይን ጠጅ ወይም ማር ያፈስሳሉ፣ አብዛኞቹም እንስሳ አይሠዉም፤ በጥንታዊት አቴንስ ለፖሲዶን የተለየውን የጨረቃ ወር 8ኛ ቀንም የሚያስቡ አሉ። ለአንዳንዶቹ ፖሲዶን ጸሎት የሚሰማ ሕያው አምላክ ነው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ባሕርና ምድር ያላቸውን ኃይል የሚወክል ስም ነው። የአምልኮው ሰንሰለት በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ክልከላ ስለተመታ፣ የዛሬው ሥርዓት ከግጥሞችና ከድንጋይ ጽሑፎች እንደገና የተሰበሰበ መሆኑ አከራካሪ ነጥብ ነው፤ አስጎብኚዋ ይህን ብታነሣ ኖሮ ከቀልዱ የበለጠ ያወያየን ነበር።

የመግቢያ ትኬት በዋጋው ውስጥ አለመካተቱ የሚታወቀው በሩ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ድርጅቱ ይህን አስቀድሞ በግልጽ ሊጽፍ ይገባል። ሕንጻውንና የሆሜርን ታሪክ በጥሩ አንደበት መስማት ለሚፈልግ ሰው ጉብኝቱን እመክራለሁ። የዛሬውን እምነት ብሎ ተጨማሪ መክፈል ግን አያዋጣም፤ ከአቴንስ የሚነሣው የሕዝብ አውቶቡስ በርካሽ እዚያው ያደርሳል፣ በተረፈው ገንዘብም ከሱኒዮን የተገኘውን ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም የእብነ በረድ ወጣት ሐውልት በአቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማየት ይቻላል።