ዳንቴሉን ላነሳልኝ ባለሙያ

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሜሪላንድ ለሚኖሩ ስድስት ልጆች በኢንተርኔት አማርኛ አስተምራለሁ። እነርሱ ዘንድ ያን ጊዜ ገና ረፋድ ነው። ለወራት ሞክሼ ፊደላት ላይ በደረስን ቁጥር ምስሌ ቀጥ ይል፣ ድምፄም ይቆራረጥ ነበር። ከመካከላቸው የሰባት ዓመቷ ልጅ «መምህርት፣ በረዶ ሆንሽ!» ትለኛለች። የእንግሊዝኛውን አባባል ቃል በቃል መልሳው ነው። እንዳላርማት ድምፄ አይደርሳትም።

ቤታችን ኮተቤ ነው፤ ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪሱ ከጓሮ። ፋይበሩ የገባው ሳሎን ሲሆን እኔ የማስተምረው ጸጥታ ፍለጋ በሰርቪሱ የመጨረሻ ክፍል ነው። በመካከሉ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ማዕድ ቤትና የብረት በር አለ። አምና አንድ ሱቅ መፍትሔው ይህ ነው ብሎ ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋይ ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ሸጠልኝ። ሰርቪሱ ውስጥ ሰካሁት፤ ስልኬ ላይ ምልክቱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነበር። ቀጥሎ የጠራሁት ሰው ደግሞ እርስ በርስ የሚናበቡ ሦስት ራውተሮች (ዋይፋይ የሚያሠራጩት ሳጥኖች) ካልገዙ አይሆንም ብሎ 24,000 ብር አስልቶ ሰጠኝ። ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ ለዚህ ጉዳይ የመደብኩት 3,000 ብር ብቻ ነበር።

ዛሬ የማመሰግነውን ወጣት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። በስልክ የመጀመሪያ ቃሉ «እትዬ፣ እኔ ሳላየው ምንም እንዳይገዙ» የሚል ነበር።

ሳሎን ገብቶ ራውተሩን ፈለገው። ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ እናቴ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ልጁ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንስቶ በጥንቃቄ አጠፈና ሰጠኝ። አልሳቀም። እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ሳጥኑን ስነካው ይፋጃል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ለካ። የምከፍለው ለ10 ሜጋ ቢት ነው፤ መለኪያው 9.6 አሳየ። «መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ግቢው ውስጥ ነው» አለኝ። ይህን ባይነግረኝ ኖሮ በማግስቱ ሄጄ ከፍ ያለ ፓኬጅ ልገዛ ነበር፤ በየወሩ ጭማሪ እየከፈልኩ በረዶነቴ ይቀጥል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ስልኩን ይዞ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ እየተራመደ የሲግናሉን ጥንካሬ ያነብልኝ ጀመር። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ከዜሮ በራቀ መጠን ይደክማል። ሳሎን 48፣ ማዕድ ቤቱ በር ላይ 70፣ እኔ ወንበር ላይ 86። ሪፒተሩም የተሰካው እዚያው 86 ዘንድ ነበር። «እትዬ፣ ይህ እኮ የሚያጎርሰው ቢኖረው ነው። እርሱ ራሱ ተርቧል» አለ። ሲያስረዳኝም እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ ተራ በተራ እየተቀበለ ስለሚያስተላልፍ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ቢቀመጥ እንኳ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

መፍትሔው መሳቢያዬ ውስጥ ተገኘ። በመዳብ የስልክ መስመር ዘመን እንጠቀምበት የነበረ አሮጌ ራውተር ነው፤ ልጥለው እያልኩ ያልጣልኩት። ከዋናው ጋር በገመድ ተገናኝቶ ሰርቪሱ ውስጥ ዋይፋይ እንዲያሠራጭ ብቻ፣ ለስልክና ለኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ የማደል ሥራውን ዘጋበት፤ የራሱንም አድራሻ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ለወጠው። 25 ሜትር ገመድ ለውጭ በሚሆን ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ከመብራት ገመዱ አርቆ፣ በአጥሩ ጥግ እስከ ሰርቪሱ ዘረጋው። ቱቦው ለምን አስፈለገ ብዬ ነበር። ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ ፀሐይ ሲፈራረቅበት ልባሱ ይሰነጣጠቃል አለኝ።

ገመዱን ጫፍ ሲያስርለት አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ፈትቶ በአውራ ጣቱ እያቃና፣ እንደ ቄስ ተማሪ በቃሉ ያነበንባል፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡናማ፣ ቡናማ። አንዱን ጫፍ አስሮ በመሞከሪያ ሲፈትሸው ከመሞከሪያው መብራቶች አንዱ አልበራም። ቆርጦ ጣለውና እንደገና አሰረ። «ይሠራል፣ ምን አለበት» የሚል ባለሙያ ስንቱን ቤት እንዳበላሸ ስለማውቅ እዚህ ላይ ልቤን ወሰደው።

የጎረቤት ዋይፋይ አብዛኛው ቻናል 6 በሚባለው የሬዲዮ መስመር ላይ ተጨናንቆ ስለነበር አንዱን ራውተር 1 ላይ፣ ሌላውን 11 ላይ አደረገው። ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጣቸው። ዋናውም ከቡፌው ወርዶ፣ ይቅርታ፣ ከቡፌው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አሁን ወንበሬ ላይ ሲግናሉ 41 ነው። አሮጌው ራውተር ለሃምሳና ለመቶ ሜጋ ቢት መስመር እንደማይበቃ፣ ለእኔ 10 ግን ከበቂ በላይ እንደሆነ ሳይደብቅ ነግሮኛል። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ትንሽ ባትሪ እንዲያስገባልኝ ስጠይቀውም «አሁን ገንዘብዎን አያውጡ፤ ወደፊት ይደርሳል» ብሎ እምቢ አለኝ።

ነቀፌታ አላጣሁበትም። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ መጣ፤ በድሪል የበሳው ግድግዳም ዙሪያው ተፈረካክሶ ቀርቷል፤ ሲሚንቶ የለጠፍኩበት እኔ ነኝ።

ገመዱ፣ ቱቦውና ጫፎቹ 1,700 ብር፣ የእጁ ዋጋ 900፤ በድምሩ 2,600 ብር። የተረፈውን ሦስት ሜትር ገመድ ጠቅልሎ አስረክቦኝ፣ የሁለቱን ራውተሮች አድራሻና የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፎልኝ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳንቋረጥ ተማርን፤ ትንሿ ልጅ የ«ሠ»ን እና የ«ሰ»ን ነገር ጠይቃኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ልጁ ስሙ አደባባይ እንዲወጣ አልፈለገም። ከኮተቤ እስከ መገናኛ ባለው አካባቢ ይሠራል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ግን መልስ አትጠብቁ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ።