18 ወይስ 20? ለወሎ ዳገት የኤሌክትሪክ ማውንቴን ብስክሌት ፍሬም ስትመርጡ

የኤሌክትሪክ ማውንቴን ብስክሌት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩና ስለ ባትሪው ነው። «ፍሬሙ 18 ኢንች ይሁን ወይስ 20?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብሩ ከተከፈለ በኋላ፣ ወገብና ጉልበት ማስቸገር ሲጀምሩ ነው። በተለይ ቁመታቸው ከ1.70 እስከ 1.80 ሜትር የሆኑ ሰዎች ሁለቱም ላይ ወጥተው መንዳት ስለሚችሉ በቀላሉ ይሳሳታሉ። በሁለቱ መሃል ያለ ሰው ለወሎ መንገድ 18ቱን ይግዛ። ትንሹን ፍሬም በሁለት ዕቃ ማስረዘም ይቻላል፤ የትልቁን ፍሬም ከፍታ የሚቀንስ ዕቃ ግን የለም።

ቁጥሩን ስትጠይቁ ሻጩ «29 ነው» ካላችሁ የነገራችሁ የጎማውን ነው። 26፣ 27.5 እና 29 የጎማ መጠኖች ናቸው። የፍሬሙ ቁጥር የሚለካው የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት እምብርት መሃል እስከ ኮርቻ መትከያው ቱቦ አፍ ድረስ ነው። 18 ኢንች 45.7 ሳንቲ ሜትር፣ 20 ኢንች ደግሞ 50.8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎርጂድ ብስክሌት ላይ ተለጣፊው 18 ሲል ሜትሩ 42 ወይም 50 ሊያሳይ ይችላል።

ከዚያ የራሳችሁን እግር ለኩ። ጫማ አውልቃችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በሁለት እግራችሁ መሃል ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል ወደ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ እስከ መሬት ያለውን ሌላ ሰው ይለካ። ያገኛችሁትን ሳንቲ ሜትር በ0.226 ብታባዙት የፍሬሙ ኢንች ይወጣል። 76 ከሆነ 17 ገደማ፣ 80 ከሆነ 18፣ 84 ከሆነ 19፣ 88 ከሆነ 20 ገደማ ነው። ጭቅጭቁ ያለው ከ80 እስከ 84 ላይ ነው።

ሻጭ 20ውን 10 ሺህ ብር ቀንሶ ሲያቀርብ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ቅናሹን በደንብ አስሉት። ፍሬሙ ገዢ አጥቶ ከቆመ፣ እናንተን 10 ሺህ ያስቀነሰላችሁ ምክንያት ነገ ስትሸጡት ከእናንተም ያስቀንሳል፤ ያውም ያገለገለ ከመሆኑ በላይ። ከመርካቶ ገዝታችሁ ደሴ ካስጫናችሁት ደግሞ ለመቀየር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ መጫን አለበት፤ የጭነቱን ሂሳብ ደርባችሁ ትከፍላላችሁ። በ18ቱ በኩል የሚጨመረው ወጪ የኮርቻ ዘንግና መሪውን ከፍሬሙ የሚያያይዘው አንገት ብቻ ነው። የሁለቱን ዋጋ ብስክሌቱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁና 18ቱ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ።

ሞተሩ ከፋብሪካው ፔዳሉ ጋ የተገጠመ ከሆነ ስህተቱ የበለጠ ያስከፍላል። ፍሬሙ ለዚያ ሞተር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሌላ ፍሬም ገዝቶ ማዛወር አይታሰብም። ሞተሩ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ከሆነ ግን ማዛወር ይቻላል፤ አዲሱ ፍሬም የኋላ ሹካው ስፋት ከሞተሩ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር ነው።

ወሎ ላይ ለምን ትንሹ? ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲወጣ 600 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። ሰውና ብስክሌት ተደምረው 95 ኪሎ ቢሆኑ፣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 155 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የሞተሩና የመንገዱ ብክነት ሲጨመር ከ200 ያልፋል። የ36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 360 ብቻ ነው፤ ያረጀ ከሆነ መንገድ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል። ያኔ 24 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ዳገት ላይ መውረድ፣ መግፋትና መውጣት ይመጣል። ወደ ኩታበር ወይም ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጡት የድንጋይ መንገዶች ላይ ደግሞ ከብት ሲያቋርጥ በድንገት ቆሞ እግርን መሬት ማድረስ የግድ ነው። ጫማ አድርጋችሁ ፍሬሙን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ስትቆሙ ከላይኛው ቱቦ በላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ ይባላል፤ ለእንዲህ ያለ መንገድ 8 ይሁን። ሽርጥ ወይም ቀሚስ ለብሶ ለሚነዳ ከዚያም በላይ። ለመሃለኛ ቁመት 20ው ብዙ ጊዜ ይህን ክፍተት አይሰጥም።

18ቱን ስታስረዝሙ ሂሳቡ እንዲህ ነው። እግራችሁ 82 ከሆነ በ0.883 አባዙት፣ ከእምብርቱ እስከ ኮርቻው ራስ 72.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 45.7 ሲቀነስ 26.7 ይቀራል፤ ኮርቻው ራሱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚወስድ ዘንጉ 22 ያህል ይወጣል። ውስጥ የሚቀረው ከ10 ማነስ የለበትም። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ዘንግ አይበቃም፤ 35 ይበቃል፣ 40 ከተገኘ ይመረጣል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው መስመር ከቱቦው ውጭ ከታየ አትንዱት። ጭነቱ የቱቦው አፍ ላይ ስለሚያርፍ ፍሬሙ የላይኛው ቱቦ ከተበየደበት ቦታ ይሰነጠቃል። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት በያጅ ጋ ወስዶ የሚያስጠግኑት አይደለም፤ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ብየዳው ያጠፋዋል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጎን ተመልሶ ይመጣል። ያገለገለ ስትገዙ ያችን ጥግ በጨርቅ ጠርጉና ጥፍራችሁን አስኪዱባት፤ ጥፍር የምትይዝ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ካለች ዋጋ መጠየቅ አያስፈልግም።

የዘንግ ውፍረትም ሦስት ዓይነት በብዛት አለ፦ 27.2፣ 30.9 እና 31.6 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ይጻፋል። ፎርጂዱ 31.6 ተጽፎበት በካሊፐር ሲለካ 31.4 ሊሆን ይችላል፤ ኮርቻው እየሰመጠ ያስቸግራል፣ ሰዉም ማጠበቂያውን ብሎን እስኪበላ ድረስ ያጠብቃል። ለ0.2 ልዩነት ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ አንድ ዙር ይበቃል። 30.9ን 31.6 ውስጥ በቆርቆሮ ደራርቦ መግጠም ግን አይሆንም፤ ቶርኖ ቤት ትክክለኛ ቱቦ አስወጡለት።

አንገቱን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስረዝሙ፤ ለምሳሌ ከ60 ወደ 80 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ካለፈ በሐረጎ ቁልቁለት ክብደታችሁ ፊት ጎማ ላይ ይወድቃል። ከገጠማችሁ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። የፍሬን ቧንቧው ወይም የስክሪኑ ገመድ ከተወጠረ አንድ ቀን ይበጠሳል።

20ውን የሚገዛ ሰው አለ፦ እግሩ ከ84 በላይ የሆነ፣ ወይም ከሰኞ ገበያ ፖርቶ መጋላው ላይ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ረጅም ሰው። የኋላ ጭነት የአጭር ፍሬም ፊት ጎማ ያስነሳል፤ በ18 የሚጭን ሰው ኮርቻውን ወደፊት 1 ሳንቲ ሜትር አስጠግቶ ጭነቱን ከጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ይሰር። 20ውን ስትደራደሩ ከ10 ሺህ ቅናሽ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የላይኛውን ቱቦ በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ቆማችሁ 8 ሳንቲ ሜትሩ መኖሩን እዩ፣ ከሌለ በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።