ሁለት ጃንጥላዎች በሐምሌና በነሐሴ

ሰኔ 24 ቀን ከሰዓት በኋላ መርካቶ ወርጄ ሁለት ጃንጥላዎች ገዛሁ። አንዱ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሆን 850 ብር ከፍዬበታለሁ። ሌላው የማይታጠፍ፣ እጀታው እንደ ከዘራ የቆለመመ፣ በእጅ ወደ ላይ እየተገፋ የሚከፈት ረጅም ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ሻጩ 1,400 ብር ጠርቶ፣ ብዙ ከተከራከርን በኋላ በ1,100 ብር ለቀቀልኝ። ታጣፊው ለእኔ፣ ባለ ከዘራው ለባለቤቴ ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገና ሐምሌ ሳይጋመስ ክፍፍሉ ፈረሰና ጠዋት ቀድሞ የወጣ ሰው በሩ አጠገብ ያገኘውን ይዞ የሚሄድ ሆነ። በዚህ ምክንያት ሁለቱንም ከሳሪስ እስከ አራት ኪሎ ባለው የዘወትር መንገዴ ላይ ሰባት ሳምንት ያህል ለመፈተን ችያለሁ።

ስለ ጃንጥላዎቹ ከመናገሬ በፊት ስለተፈተኑበት ዝናብ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በባሕረ ሐሳቡ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የዝናቡ ጉልበት የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በእንጦጦ ግርጌ የተቀመጠች ስለሆነች ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቀልበታል። ተንኮሉ ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሰውን በሸሚዝ ያስወጣዋል፤ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ሲሆን በእንጦጦ በኩል ይጠቁርና እስከ ማታ ይወርዳል። እንግዲህ እዚህ ከተማ የሚያዝ ጃንጥላ ፀሐይ በሞላበት ጠዋት አብሮ ለመውጣት የማይከብድ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያስጠልል፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ሰው የማያስቀይም፣ ማታም ፀሐይ በማይገባበት ቤት ውስጥ የሚደርቅ መሆን ይኖርበታል። እኔም የመዘንኋቸው በእነዚህ ነው።

ታጣፊው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አላሳፈረኝም። ክብደቱ ውኃ ከሞላ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያነሰ ነው፤ በኮምፒውተር ቦርሳዬ የጎን ኪስ ስለሚገባም ጠዋት ሰማዩን አይቼ «ልያዝ ወይስ ልተው» ብዬ ማሰብ አላስፈለገኝም። በአንድ እጄ ቦርሳዬን አቅፌ ከሚኒባስ ስወርድ፣ በሌላው እጄ አውራ ጣት ቁልፉን ጫን ሳደርገው ጧ ብሎ ይከፈታል፤ ብዙ ሰው ለዚህች ቅጽበት ብቻ ብሎ እንደሚገዛው ይገባኛል። «በራሱ ይዘጋል» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ቁልፉ የሚዘጋው ጨርቁን ብቻ ነው፤ ዘንጉን መልሶ ወደ ውስጥ ለማስገባት ጫፉን ደረት ላይ አስደግፎ የውስጡን ሞላ በጉልበት መጋፋት ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው ሳይገባ ከለቀቁት ተወርውሮ ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከእጄ አምልጦ ከፊቴ የነበሩትን እናት በውኃ ረጫቸው፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው ታክሲው ሞልቶ ሄደ።

ሐምሌ 19 ቀን፣ የገብርኤል ዕለት፣ ከእናቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝናቡ ነፋስ ይዞ መጣ። ነፋሱ ከታች ገብቶ ጃንጥላውን በአንድ ጊዜ ገለበጠውና ከላያችን የነበረው ጥላ ዝናብ የሚቀበል ሳፋ ሆነ። መገልበጡን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ የትኛውም ጃንጥላ ሊገለበጥ ይችላል። ጉድለቱ የታየኝ መልሼ ላስተካክለው ስሞክር ነው፤ ከስምንቱ ሽቦዎች ሁለቱ መታጠፊያቸው ላይ ተቆርጠው ጨርቁ በአንድ ወገን ተንጠልጥሎ ቀረ። ምክንያቱን ቤት ገብቼ ቁጭ ብዬ መረመርሁት። ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ጃንጥላ እያንዳንዱ ሽቦው በቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ነው፤ ቁራጮቹን የሚያገናኘው ደግሞ ከስስ ቆርቆሮ የተሠራና የመርፌ ራስ በምታህል ምስማር የተያዘ መጋጠሚያ ነው። ጃንጥላው ቦርሳ ውስጥ እንዲገባ ያስቻለው ይኸው መጋጠሚያ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ቀድሞ የሚከዳውም እሱው ነው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ራሷ እየሳበች ጃንጥላውን አየት አደረገችና «ይኼ የፀሐይ ነው እንጂ የክረምት አይደለም» አለችኝ።

በማግሥቱ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ተመለስሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ የገጠመኝ ነገር በዚያ ሱቅ ብቻ የሚደርስ አይመስለኝምና። ሻጩ ሲሸጥልኝ «ፋይበር ነው፣ አይሰበርም» ብሎ፣ አንዱን ሽቦ በጣቱ ቀስት እስኪመስል ድረስ አጉብጦ አሳይቶኝ ነበር። አልዋሸም። የሽቦው የጫፍ ቁራጭ በእርግጥም ፋይበር ግላስ ነው፤ ይጎብጣል፣ መልሶ ይቀናል፣ አይዝግም። የተሰበረው ግን ያላሳየኝ፣ መሐል ላይ ያለው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ይህን ስነግረው «ወንድሜ፣ ለነፋስ ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ሳቀና፣ ሌላ ብገዛ 100 ብር እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። አልገዛሁም።

ይልቁንም ክረምት በገባ ቁጥር በሰፈራችን ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ትንሽ የእንጨት ሣጥን ይዘው ወደሚቀመጡ ጃንጥላ ጠጋኝ ሄድሁ። ሣጥናቸው ውስጥ ፒንሳ፣ መርፌና ጥቁር ክር፣ የቀጭን ሽቦ ጥቅል አለ፤ ከተጣሉ ጃንጥላዎች የተነቀሉ ሽቦዎችም በርዝመታቸው ተለይተው በላስቲክ ታስረዋል። ተራዬ እስኪደርስ ይሠሩ የነበረው ዙሪያውን የወርቅማ ዘርፍ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር፤ መንገድ ዳር ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ተዘርግቶ የምናየውን ዓይነት። ጃንጥላ የሚለው ቃላችንም ከዚሁ ወገን የመጣ ነው፤ «ጃን» በጃንሆይና በጃንሜዳ እንደምናውቀው የንጉሥ የሆነውን ያመለክታልና፣ ጥላው የተራ ሰው የዝናብ መከለያ ከመሆኑ በፊት የክብር ዕቃ ነበር። እሳቸው ያንን አስቀምጠው የእኔን ታጣፊ አንሥተው ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ካደረጉት በኋላ «ልጄ፣ ሽቦስ ነበረኝ፤ ይኼ ግን ተጨፍልቆ ነው የተዘጋው፣ ከፈታሁት መልሶ አይገጥምልኝም» አሉኝ። የተሰበሩትን ሁለት ቦታዎች በቀጭን ሽቦ አጥብቀው አስረው 80 ብር ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ግን የታሰረው ቦታ በደንብ ስለማይታጠፍ በእጅ መርዳት ግድ ነው። ያ ጧ ብሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ቁልፍ እንግዲህ ግማሽ ሥራውን አጥቷል ማለት ነው።

ባለ ከዘራው በዚህ በኩል ሌላ ዓለም ነው። የእሱም ሽቦዎች ስምንት ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከመሐል እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ስለሆነ በነፋስ የሚላቀቅ መታጠፊያ የለውም። በሐምሌ መጨረሻ ጎተራ ማሳለጫው አጠገብ አንድ ጊዜ ተገለበጠብኝ፤ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ወደ ታች ስስበው ምንም ሳይሆን ወደ ቦታው ተመለሰ። ስፋቱ ቦርሳ ያዘለን ሰው ጀርባ ይሸፍናል፤ ልጅ ይዞ ለሚሄድም ይበቃል። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ኮረኮንችና ጭቃ ስለሆነ፣ ዝናቡ ባባራ ጊዜ ዘግቼ እንደ ምርኩዝ እየወጋሁበት መሄዴ ከአንድም ሁለት ጊዜ ከመንሸራተት አድኖኛል። በዚህ ብልጠት የተጎዳው የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቆብ ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ ተፍቆ ጠፋ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። እጀታው ከዘንጉ ጋር የተያዘው በማጣበቂያ ብቻ ስለሆነ በአምስተኛው ሳምንት መዞር ጀመረ፤ በሱፐር ግሉ መልሼ አጣበቅሁት፣ እስካሁን ይዟል። ጨርቁም ስስ ነው። ተራ ካፊያን ያለችግር ይመልሳል፤ ዶፍ ሲሆን ግን ከውስጥ በኩል እንደ ጉም የደቀቀ እርጥበት ፊት ላይ ይረጫል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውለዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ከጃንጥላው ሳይሆን ከእኔ የመጣ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የማይገባ ዕቃ ይረሳል። ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ፤ አንዴ ቢሮ፣ አንዴ ቡና የጠጣሁበት ቤት። ሁለተኛውን አስተናጋጇ ከባንኮኒው ጀርባ ሰቅላ ስለጠበቀችኝ አመሰግናታለሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከስታዲየም ወደ ሳሪስ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ አራት ሰው በሦስት ሰው ወንበር ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ እርጥብ ረጅም ጃንጥላ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። በጉልበቶቼ መካከል ባቆመው ጫፉ ከፊቴ ወንበር ሥር ገብቶ የሌላ ሰው ጫማ ያረጥባል፤ ወደ ጎን ባደርገው በር አጠገብ ያለችው ተጣጣፊ ወንበር አልዘረጋ ትላለች፤ ረዳቱም «ጃንጥላችሁን ወደ ታች፣ ወደ ታች!» እያለ የሚጮኸው በአብዛኛው እንደ እኔ ላለው ነው። ታጣፊው እዚህ ላይ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። እግር ሥር ይቀመጣል፣ አለዚያም ከነልባሱ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ልባሱ ግን በሰፊው የተሰፋ አይደለም፤ የረጠበውን ጃንጥላ ለማስገባት ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ሁላችንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ልባሱን እንጥለዋለን። የእኔም ሳምንት አልሞላውም።

የማድረቁ ጉዳይ ብዙ ሰው የማያነሣው ነው፤ ሆኖም የጃንጥላን ዕድሜ የሚወስን ይመስለኛል። ነሐሴ ውስጥ ልብስ እንኳ ቤት ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ይከርማል። ጃንጥላ እንደታጠፈ ካደረ በማግሥቱ ሻጋታ ይሸታል፣ ብረቱም ይዝጋል፤ ስለዚህ ተከፍቶ ማደር አለበት። ታጣፊው ተከፍቶ በሩ ጀርባ ይበቃዋል። ባለ ከዘራው ተከፍቶ ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ሲያድር ግን የወለሉን አንድ ጥግ እንዳለ ስለሚወስድ፣ ሌሊት የሚነሣ ሰው ሁሉ ይደናቀፍበታል። በኋላ ላይ ከፊል ከፍተን በመስኮቱ ብረት ላይ በእጀታው መስቀል ጀመርን፤ ለዚህ ደግሞ ከዘራው ጠቅሞናል።

አሁን ልግዛ የሚል ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው ሱቁ ውስጥ ከፍቶ ከውጭ ሳይሆን ከሥር እንዲያየው ነው። ሻጭ የሚያሳየው የሚጎብጠውን የሽቦ ጫፍ ነው፤ መታየት ያለበት መሐል ላይ ያለው መጋጠሚያ፣ በተለይም ቆርቆሮው በጥፍር ሲጫኑት መታጠፍ አለመታጠፉ ነው። ጨርቁ ከሽቦዎቹ ጫፍ ጋር የተያዘባቸውን ስፌቶች አንድ በአንድ ሳብ ሳብ ማድረግም ያስፈልጋል፤ አንዱ ከለቀቀ ነፋስ ቀሪዎቹን ይነቅላቸዋል። ውስጡ ጥቁር የተቀባውን ቢመርጥ ደግሞ በጋ ላይ ለፀሐይም ያገለግለዋል፤ በዚህ ከፍታ የጥቅምት ፀሐይ ከነሐሴ ዝናብ በማይተናነስ ጥላ ያስፈልጋታል። የሚታገሥ ሰው ደግሞ ሰኔ ላይ ባይገዛ ይሻላል። እኔ በ850 ብር የገዛሁትን ታጣፊ ነሐሴ 10 ቀን በዚያው መርካቶ በ650 ብር ሲሸጥ አይቼዋለሁ።

ለራሴ ዳግመኛ አንድ ብቻ ልግዛ ብል ባለ ከዘራውን እወስዳለሁ። መንገዱ ሁሉ በሚኒባስ ለሆነና ብዙ በእግር ለማይሄድ ሰው ታጣፊው አይከፋም፤ 850 ብር ግን በዛበት፣ ከ500 ብር በላይ መስጠት አይገባም ነበር። ባለ ከዘራው በአንጻሩ የከፈልሁበትን መልሷል ብዬ አምናለሁ፤ ምንም እንኳ ይህን በምጽፍበት በነሐሴ 16 ቀን ከሽቦዎቹ ሁለቱ ሥራቸው ላይ መዛግ ቢጀምሩም። ጠጋኙ ደርቆ ሳለ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት እንዳደርግባቸው ነግረውኛል። ዘይቱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ጃንጥላው ግን እስካሁን ደርቆ የዋለበት ቀን የለም።